ወደ ችካሉ የዞሩ በሮች

አናጢውን በስሙ የሚጠራው ሰው በከተማዋ ውስጥ አልነበረም። ለሁሉም "ጋሽ ቆይ" ነው። ከጎረምሳነቱ ጀምሮ የምንም ነገር መልሱ "ቆይ" ስለሆነ ነው፤ ቆይ ልለካው፣ ቆይ እርሳሴን ላምጣ፣ ቆይ እንጨቱ ይድረቅ። ሊያገባ ሽማግሌዎች ፊት ቆሞ "ልጅቷን ትፈልጋታለህ?" ሲባል እንኳ "ቆይ" ብሎ መጀመሪያ ጉሮሮውን ጠርጓል ይባላል። ሚስቱ ይህን ወሬ አስተባብላ አታውቅም፤ እንዲያውም ስታወራው የኖረችው እሷ ናት።

ይህ ሰው በስተርጅናው የፈለገው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ዓይኗ የጠፋባት ሚስቱ በለመደችው ደጅ፣ የለመደችውን ግድግዳ እየዳበሰች፣ ማንም እጇን ሳይዛት ወጥታ እንድትገባ። ሌላ ምንም አልጠየቀም። ይህችኑም አላገኘም።

ከተማዋን ከተማ ማለት ለእሷ ማድላት ነው። ያለው አንድ ረድፍ ቤት ብቻ ነው፤ በአንዱ ጫፍ ያስነጠሰውን በሌላው ጫፍ "ይማርህ" የሚሉት ዓይነት። ታሪኳ የሚጀምረው ከችካል ነው። የዛሬዎቹ አዛውንቶች ገና ልጆች ሳሉ ቀያሾች በመኪና መጡ። ባለ ሦስት እግር መሣሪያቸውን ተክለው፣ አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው ሜዳውን ሲያዩ ሰነበቱና፣ አናታቸው ቀይ ቀለም የተቀባ ችካሎች በመስመር ደርድረው ሄዱ። ምን እየሠራችሁ ነው ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም፤ በመኪና የመጣን ሰው ማን ይጠይቃል! ከሚያዩት ሰዎች አንዱ ብቻ ራሱን እየነቀነቀ "መንገድ ሊመጣ ነው" አለ። በቃ። ወሬው እግር አውጥቶ በየመንደሩ ዞረ። መንገድ ከመጣ አውቶቡስ ይመጣል፤ አውቶቡስ ከመጣ ሰው ይወርዳል፤ የወረደ ሰው ይጠማዋል፣ ይርበዋል፣ ይመሽበታል። ከዚህም ከዚያም ጓዛቸውን ጠቅልለው የመጡ ሰዎች ከችካሎቹ ፊት ለፊት በአንድ ረድፍ ቤት ሠሩ፤ በራቸውንም ሁሉም ወደ ችካሉ አዞሩ።

በአካባቢው እንጨት ብርቅ ነበር። ስለዚህ ብዙው ሰው የድሮ ቤቱን በር ነቅሎ በጀርባው ተሸክሞ ነው የመጣው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የከተማዋ ልማድ ይኸው ሆኖ ቀረ፤ የሚመጣ በሩን ይዞ ይመጣል፣ የሚሄድም በሩን ይዞ ይሄዳል። በር የሌለው ደግሞ አናጢ ይፈልጋል። ጋሽ ቆይ መላጊያውን በጆንያ ጠቅልሎ፣ ጢም እንኳ በቅጡ ሳያበቅል የመጣው ለዚሁ ነበር። ሲውል ሲያድር የረድፉ በር ሁሉ ወይ እሱ የሠራው ወይ እሱ የጠገነው ሆነ።

ከሰፋሪዎቹ ሁሉ በችካሉ ላይ የማይነቃነቅ እምነት የነበረው፣ ኋላ የአናጢው አማት የሆነው አጭር ሰውዬ ነው። ቁመቱ አጭር፣ ድምፁ ግን ሜዳውን የሚሞላ። በቤቶቹና በችካሎቹ መካከል ላም እንዳይታሰር፣ ዛፍ እንዳይተከል፣ ልብስ እንዳይሰጣ አወጀ። "መንገድ ነው!" ይላል፣ ባዶውን ሣር እያሳየ። ሴቶቹ የሌለውን መንገድ በየማለዳው ይጠርጋሉ። ልጆች ሲሻገሩ ግራና ቀኝ ካላዩ ይቆነጠጣሉ። የሰውዬው ልጅ ከቁመቷ የበለጠ መጥረጊያ ይዛ ይህንኑ ስትጠርግ ነው ያደገችው።

አናጢው የአባቷን በር ከአሮጌ የጭነት መኪና ወለል በተነቀለ ሳንቃ ሠራ። ከመወርወሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ ዓይን የሚመስል ጉጥ ነበረው። በመጀመሪያው ዝናብ በሩ አብጦ አልዘጋ አለ፤ አናጢው መጥቶ ላገው። በሳምንቱ "ሳያብጥ አይቀርም" ብሎ ተመልሶ መጣ። ደግሞ መጣ። ዝናቡ ካባራ፣ መሬቱ ከተሰነጣጠቀ በኋላም "ቆይ እስቲ፣ እዚህች ጋ ትንሽ አብጧል" እያለ መጣ። ልጅቷ ፍቅፋቂውን ትጠርጋለች፣ እሱ የጠረገችው ላይ ሌላ ያወርዳል፣ እሷ እንደገና ትጠርጋለች። በመጨረሻ አባትየው ትዕግሥቱ አለቀ። "ስማ ልጄ" አለው፣ "በሬ ከማለቁ በፊት ልጅቷን ውሰድና ገላግለኝ።"

በዚህ ሁኔታ ተጋቡ፤ እዚያው ቤት ውስጥም መኖር ጀመሩ።

መንገዱም መጣ። ግን በጓሮ በኩል መጣ። ሽንት ቤቱ፣ ቆሻሻው፣ የተሰጣው የውስጥ ልብስ ባለበት በኩል። የመንገድ ሥራው ፎርማን ጭብጦ የሚያህል ሰው ነበር፤ የችካሉን ታሪክ ሲነግሩት ሆዱን ይዞ ሳቀ። "እነዚያ ችካሎች እኮ" አለ፣ "መሬቱ ውሃ ያቁራል፣ በዚህ አትለፉ ለማለት የተተከሉ ናቸው! ከዚህ ሁሉ ሜዳ እዚህችን መርጣችሁ ሰፈራችሁ?" በየክረምቱ ወለላቸው ለምን እንደሚረጥብ፣ በራቸው ለምን እንደሚያብጥ ለሰፋሪዎቹ የተገለጠላቸው ያን ቀን ነው። አንድ ሰው ያን ጊዜ አፉን ከፍቶ "ይህ ምንድን ነው?" ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ! አልጠየቀም እንጂ።

አጭሩ ሰውዬ ፎርማኑን ትቶ ቤቱ ገባ። ከዚያ ወዲህ እስኪሞት ድረስ በሩ ሥር ወንበሩን አድርጎ፣ ፊቱን ወደ ችካሎቹ አዙሮ ተቀመጠ። ሊሞት ሲል ልጁን አስጠርቶ "ይህን በር እንዳትነኪብኝ" አላት።

የቀረው ሰው የኋላ ግድግዳውን ቀድዶ ሌላ በር አስገባ። ሥራው ሁሉ የአናጢው ነበር። ከተማዋ እንደተኛ ሰው ተገላበጠች፤ ፊት የነበረው ጓሮ፣ ጓሮ የነበረው ፊት ሆነ። የአናጢው ቤት ብቻ አልተገላበጠችም። መጋዙን ይዞ ወደ ኋላው ግድግዳ ሲጠጋ ሚስቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ቆመች።

"ሞክረው እስቲ!" አለችው።

አልሞከረም። በአውቶቡስ የሚያልፉ ሰዎች ጀርባዋን የሰጠቻቸውን ቤት "ያኮረፈችው" እያሉ ይጠሯት ጀመር። አናጢው ይህን ሲሰማ ይስቃል እንጂ አይከፋም። እነዚያ ዓመታት ደጎች ነበሩ። አውቶቡስ ይቆማል፣ መንገደኛው ሻይ ይጠጣል፣ ጎሚስታው ጎማ ይለጥፋል፣ በረድፉ ጫፍ ያለችው ልብስ ሰፊ የተቀደደ ትጠግናለች። አናጢው በክረምት ያበጠውን በር እየዞረ ይልጋል፣ በበጋ የሰለለውን በጣውላ ይሞላል። አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ፤ አድጋ ትልቅ ከተማ ገባች፣ እዚያው ባል አግብታ ቀረች።

የሚስቱ ዓይን ቀስ በቀስ ነው የጠፋው። መጀመሪያ ክሩ፣ ቀጥሎ መርፌው፣ ቀጥሎ የሰው ፊት። ሐኪሙ የሚሠራ ነገር እንደሌለ ነገራቸው። ወደ ቤት ሲመለሱ አናጢው ታለቅስ ይሆናል ብሎ ፈርቶ ነበር፤ እሷ ግን "እኔ ይህን ደጅ በዓይኔ መቼ አየሁት፣ ስጠርገው ነው የኖርኩት" አለች። እውነቷን ነበር። በየማለዳው በአሮጌው በር ወጥታ፣ ቀኝ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ፣ በድሮው ፊት በኩል እስከ ልብስ ሰፊዋ ቤት ትሄዳለች። በሮቹ ይነግሯታል። ቆርቆሮ የተለጠፈበት የጎሚስታው ነው። ልጆች በሚስማር ስም የጫሩበት የአስተማሪው ነው። ጠርዙ ሸካራ የሆነው የመበለቲቱ ነው፤ "ይህን መቼ ነው የምትልገው፣ እጄን ቧጠጠኝ" እያለች ባሏን ትጨቀጭቀዋለች። አናጢው አይልገውም። ሸካራ ሆኖ ቢቀር ለእሷ እንደሚሻል ያውቃል። ልብስ ሰፊዋ ጋ ደርሳ ሻይ ትጠጣለች፣ እያማች የሰው ሥጋ ትበላለች፣ ስትጨርስ ግራ እጇን ግድግዳው ላይ አድርጋ ትመለሳለች።

ከዚያ ሌላ መንገድ ተሠራ። ሰፊ፣ ባለ ሁለት አቅጣጫ፣ ከኮረብታው ማዶ። በዚህኛው ጊዜ ችካል የተከለም፣ የተሳሳተም፣ ያማከረም አልነበረም። አንድ ሰኞ አውቶቡሱ አልመጣም፤ ማክሰኞም አልመጣም።

መጀመሪያ የተነሣው ጎሚስታው ነው። ተነፈሰ የሚባል ጎማ በሌለበት ምን ያድርግ! በኮረብታው ማዶ ቦታ አገኘ፤ ወደ አናጢው ደጅ መጥቶ ጭንቅላቱን እያከከ ቆመ።

"ጋሼ፣ በሬን ቢፈቱልኝ ብዬ ነው።"

"ቆይ እስቲ፣ ምን አስቸኮለህ?"

"ምን ልቆይ ጋሼ? ልጆቹ ምን ይብሉ?"

አናጢው ተነሣ። ጉጠቱንና መዶሻውን ይዞ ሄደ፤ የፊቱንም የኋላውንም በር ፈታለት። ከጎሚስታው ቀጥሎ አስተማሪው ተቀየረ። ከአስተማሪው ቀጥሎ መበለቲቱን እህቷ መጥታ ወሰደቻት። የመጣው ሁሉ "ጋሼ፣ ከእርስዎ ሌላ ማን ይፈታልኛል" ይላል። እሱም ይፈታል። በአንድ ሰው ዕድሜ የገጠመውን ሁሉ በገዛ እጁ ሲነቅል ከረመ። ሲነቅል እንጨቱ እንዳይሰነጠቅ ይጠነቀቃል፣ ምስማሮቹን አቃንቶ በጨርቅ ቋጥሮ ይሰጣል። ቤት ሲገባ ግን ሚስቱን ቀና ብሎ ማየት ያቅተዋል፤ አታየኝም ብሎ እንኳ አይጽናናም።

እሷ መጀመሪያ አልገባትም። እጇ የጎሚስታው በር የነበረበት ክፍተት ውስጥ ዘው ሲል ቆም ብላ "ይህ ሰውዬ ከመቼ ወዲህ ነው በሩን በርግዶ የሚተኛው?" አለች። ነገራት። ቀጥሎ የአስተማሪውን ነገራት። የመበለቲቱን ለመንገር አንደበቱ እንቢ አለው፤ እንዲሁ እጇን ልካ ደረሰችበት።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አናጢው እቤት ሲመለስ የለችም። ልብስ ሰፊዋ ጋ ሮጠ፤ ከሄደች ቆየች ተባለ። በልብስ ሰፊዋ የኋላ በር ወጥቶ ሲያይ በአሮጌው አስፋልት መሀል ስትሄድ አገኛት። ባዶ በሆነው የአስተማሪው ቤት ክፍተት ተሳስታ ገብታ፣ ግድግዳ ፍለጋ ስትዳብስ በኋላው ክፍተት ወጥታለች። እጇን ወደ ጎን ዘርግታ፣ ምንም ነገር ሳትነካ፣ ከረድፉ አልፋ ወደ ሜዳው እየሄደች ነበር። አናጢው በሕይወቱ እንደዚያ ፈርቶ አያውቅም።

"ወዴት ነው?" አላት፣ ትንፋሹ እየተቆራረጠ።

"ወደ ቤት ነዋ" አለች። ፊቷ እንደ ሕፃን ደንግጧል። "ቤቶቹን ማን ወሰዳቸው?"

ከማግስቱ ጀምሮ ካገኘው የሳጥን ጣውላ በር መሥራት ጀመረ። ሰው ለሌለበት ቤት በር! ማጠፊያም የለውም፣ ክፍተቱ ላይ በምስማር የሚመታ ሽፋን ነው። የጎሚስታው ላይ ቆርቆሮ ለጠፈ። የአስተማሪው ላይ ተቀምጦ በሚስማር የልጆች ስም ሊጭር አለ፤ ስማቸውን ስላላስታወሰ ዝም ብሎ ሞነጫጨረው። ሚስቱ በማግስቱ ዳበሰችውና ፈገግ አለች። "ጎበዝ" አለችው። እንዳልተታለለች ገባው፤ ግን እየዳበሰች እስከ ጫፍ ደርሳ ተመለሰች፤ እሱም ለጥቂት ጊዜ እፎይ አለ። ጣውላው እስኪያልቅ ድረስ ማለት ነው። ሰዉ ግን አላለቀም፣ መሄዱን ቀጠለ።

በመጨረሻ ልብስ ሰፊዋ ብቻ ቀረች። ልጇ ሊወስዳት የጭነት መኪና ይዞ መጣ። ሴትዮዋ ዓይኗ በልቅሶ አብጦ አናጢው ደጅ ቆመች።

"ጋሼ፣ እኔ ወድጄ አይደለም።"

"አውቃለሁ። አንቺ እንኳ ቆዪ እንጂ እባክሽ" አላት። "ወዴት ትሄዳለች እሷስ? እጇን ወዴት ትላከው?"

"ልጄ ነው እምቢ ያለው።"

"እንግዲያው በሩን አልፈታም። መዶሻዬ ጠፍቷል" አለና ገብቶ ተቀመጠ። መዶሻው ጭኑ ላይ ነበር። ዕድሜ ልኩን ዋሽቶ ስለማያውቅ ውሸቱ የሚያስቅ ነበር፤ የሳቀ ግን የለም።

ልጇ ፌሮ ብረት አምጥቶ ራሱ መንቀል ጀመረ። የመጀመሪያው ስንጥቅ ድምፅ እስከ አናጢው ቤት ተሰማ፤ ቀጥሎ ሁለተኛው። እንጨት እየተገነጠለ ነው። አናጢው ጥርሱን ነክሶ ተቀመጠ። በሦስተኛው አልቻለም፤ ብድግ ብሎ ሮጠ። "ተው! ተው አንተ፣ ገደልከው እኮ!" ብሎ ፌሮውን ከእጁ ነጠቀው። ከዚያ በራሱ መዶሻ፣ በራሱ ጉጠት፣ ማጠፊያውን ቀስ አድርጎ ፈትቶ የመጨረሻውን በር በንጽሕና አወረደው። መኪናው ላይ ሲጫን ከሥሩ ጨርቅ እንዲያደርጉለት ሁሉ አሳሰበ። መኪናው ከሄደ በኋላ ነው ምን እንደሠራ የገባው። ሥራውን ሲያበላሹት ማየት ስለማይችል ብቻ ሚስቱን አሳልፎ ሰጠ። እንዲያ ነው ለራሱ ያለው። እርግጥ እምቢ ቢልም በሩ ይሄድ ነበር፤ ይህ ግን አላጽናናውም።

በማግስቱ ሚስቱ እንደ ወትሮዋ ወጣች። ሳይነግራት ከኋላዋ ተከተላት። በየክፍተቱ እየተሰናከለች፣ አንዳንዴ እየቆመች፣ እስከ ጫፉ ደረሰች። እጇን ላከች። ባዶ። ወደ ታች ዳበሰችና ደፉን አገኘች፤ እሱ ላይ ቁጭ አለች። ልትነሣ አልፈለገችም። ፀሐይዋ ዞራ እስክታቃጥላቸው ድረስ ሁለቱም እዚያ ተቀመጡ።

ልጃቸው የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ክፉ ልጅ አይደለችም፤ ይህ ነው የከፋው፣ የሚቆጡት ሰው እንኳ አልነበረም።

"አባዬ፣ እንዲህማ አይሆንም። ሁለታችሁንም ይዤ ነው የምሄደው።"

"ቆይ እስቲ ልጄ..."

"እስከ መቼ? እማዬ ጉድጓድ ውስጥ እስክትገባ?"

እናትየው "እዚያ ግድግዳው እንዴት ያለ ነው?" ብላ ጠየቀች።

"ለስላሳ ነው እማዬ። ቀለም የተቀባ፣ ንጹሕ።"

"ለስላሳ ግድግዳ ምን ይነግረኛል?" አለችና ፊቷን አዞረች።

አናጢው ሊሄዱ ሲሉ የራሱን በር ፈታ። ምስማሮቹን እንደ ልማዱ አቃንቶ በጨርቅ ቋጠረ። ልጅቷ "ይህን የት ልናደርገው ነው አባዬ?" ስትለው "ቆይ፣ የሆነ ቦታ አይጠፋለትም" አላት። ከኋላው የቀረችው ቤት አፏን ወደ ችካሎቹ ከፍታ ቀረች። ችካል ራሱ ከተነቀለ ስንት ዘመኑ፤ ለማገዶ ሄዷል።

የልጅቷ ቤት ፎቅ ላይ ነው። በሮቹ ሁሉ ፋብሪካ የሠራቸው፣ ነጭ፣ አንዱ ከአንዱ የማይለይ። የወለሉ ንጣፍ ያንሸራትታል። ሚስቱ ከገባችበት ቀን ጀምሮ ከአልጋው አልወረደችም። "ውሰዱኝ" ትላለች፣ ይወስዷታል፤ "መልሱኝ" ትላለች፣ ይመልሷታል። ያቺ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ባሏን ከነመጋዙ ያቆመች ሴት፣ ለመጸዳጃ እንኳ እየተመራች መሄድ ጀመረች። አናጢው ኮሪደሩ ላይ ቆሞ የነበረውን አሮጌ በር አንድ ቀን ልጁ ሥራ ስትሄድ ወደ ክፍላቸው ጎተተው። አልጋው አጠገብ ካለው ግድግዳ ጋር አስደግፎ፣ እንዳይወድቅ ከላይና ከታች በምስማር መታው። ምን እንደሚያደርግላት እሱም አያውቅም። ሌላ የሚያደርገው ስላጣ ነው።

መዶሻውን ሰምታ "ምንድን ነው?" አለች።

"እጅሽን ላኪ።"

ላከች። ሳንቃውን ነካች። ጣቷ እየወጣ ሄዶ ጉጡ ላይ ሲደርስ ቆመ። ጉጡን ዞረችው፣ ደግማ ዞረችው። ፊቷ በራ፤ አናጢው እንደዚያ ሲበራ ካየው ብዙ ዘመኑ ነው። በሁለት እጇ በሩን ይዛ ከአልጋው ወረደች፤ ማንም ሳይደግፋት ቆመች።

"አዪዪ! እዚህ ነበርክ?" አለችው በሩን። ወዲያው ነጠላዋን አስተካከለች፣ ጫማዋን በእግሯ ፈልጋ አገኘች። "በል ልውጣ፣ ልብስ ሰፊዋ ጋ ሳልሄድ ስንት ጊዜዬ።"

መወርወሪያውን ሳበች። መወርወሪያው እንደ ጥንቱ ቀጭ ብሎ ተከፈተ። በሩን ወደ ራሷ ጎተተች። አልተንቀሳቀሰም። እንደገና ጎተተች።

"አልከፈት አለ እኮ። ክፈትልኝ።"

አናጢው በሩንና ከበሩ ኋላ ያለውን ነጭ ግድግዳ አየ። መናገር ነበረበት። ያን ሁሉ ሰው በር የሠራ፣ የከፈተ፣ የዘጋ ሰው፣ ይህችን አንዷን መክፈት አይችልም።

"ቆይ" አላት በመጨረሻ። "ክረምት አይደል፣ አብጧል። ቆይ ልላገው።"

ሚስቱ ከት ብላ ሳቀች፣ ያን አባቷ ቤት ፍቅፋቂ እየጠረገች ትስቀው የነበረውን ሳቅ። "አንተ ሰው፣ እስካሁን?" አለችው። "በል እሺ፣ ቶሎ በል ታዲያ።" አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ ጫማዋን እንዳጠለቀች፣ እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ መጠበቅ ጀመረች።

ጋሽ ቆይ መላጊያውን ከጆንያው አወጣ። ምንም የማይነካውን የበሩን ጠርዝ ይልግ ጀመር፤ ፍቅፋቂው በሚያንሸራትተው ወለል ላይ ወደቀ።